ርካሽ ያገለገለ ፒካፕ ገዝቶ ማደስና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ አድሶ መንዳት ደስ የሚል ሥራ ነው። መኪናው ቀላል ነው፣ ዕቃው በቀላሉ እጅ ይገባበታል፣ አብዛኛው ነገር በመፍቻ ይፈታል። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ሰዎች ደጋግመው ሲጠይቁኝ ኖረዋል። መልሶቼ የሚነሡት ከአንድ ቅደም ተከተል ነው፦ መኪናው መጀመሪያ በደንብ ይቁም፣ ቀጥሎ መስመሩን ይዞ ይሂድ፣ ከዚያ ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይጓዝ። ማማሩና መግዘፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው የጀመሩ ሰዎች አዲስ ጎማና አንጸባራቂ ቀለም ያለው፣ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ የማያስተማምን መኪና ይዘው ሲቀሩ አይቻለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ከሁሉ አስቀድሜ ምን ልይ?

ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናው ሁሉ የተቀመጠበትን፣ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ያሉትን መሠረት። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይቀየራል፣ በር ከሌላ መኪና ተፈቶ ይገጠማል። ሻንሲው የበሰበሰ ፒካፕ ግን ገንዘባችሁን እየበላ የትም አያደርሳችሁም። ጋቢናው፣ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ)፣ ሞተሩና ባሌስትራው (ሸክሙን የሚይዘው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ሁሉ የተቀመጡት በእነዚያ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ላይ ነው።

ትንሽ መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡ። ከፊት ጎማ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ በየስንዝሩ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውም ነጥሮ ይመለሳል። የተበላው ቦታ ላይ ስትደርሱ ድምፁ ይታፈናል፣ የዝገት ቅርፊትም ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። አንድ ጊዜ ከሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ፒካፕ ላይ ከኋላው የባሌስትራ መያዣ ከፍ ብዬ ሳንኳኳ የመዶሻዬ ራስ ብረቱን በስቶ ገባ። ቦታውን ይዞት የነበረው ቀለሙ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከላይ ያረጀ፣ ከሥሩ ግን ትኩስ የተቀባ መኪና ሳይ ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ።

ቶሎ የሚበሉት ጭቃ ገብቶ የማይወጣባቸው ቦታዎች ናቸው፦ ከጋቢናው ጀርባ ያለው ክፍል፣ ሻንሲው ከኋላ አክሰል (ሁለቱን ጎማ የሚይዘው ዘንግ) በላይ ቆልመም የሚልበት፣ የባሌስትራ መያዣዎቹ የተያያዙበት፣ የሰልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ) ማሰሪያ ተደግፎ የሚቀመጥበት። ቀጥላችሁ በሜትር ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በሰያፍ ለኩ። የምትለኩባቸው ነጥቦች በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቀዳዳዎች ይሁኑ። ሁለቱ ልኬቶች ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ መኪናው ተጋጭቶ ሻንሲው ተጣሟል ማለት ነው። ሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑንም እዚያው ሳላችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት።

የትኛው ሞዴል ይሻለኛል?

በአካባቢያችሁ መለዋወጫው የሚገኘውና መካኒኮች እጃቸው የለመደው። ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ መኪና ነው። የድሮዎቹ የናፍጣ ሞተሮቹ፣ ማለትም ባለ 2.4 ሊትሩ ቱ ኤል፣ ባለ 2.8ቱ ስሪ ኤል እና ባለ 3.0ው ፋይቭ ኤል፣ ናፍጣ የሚረጩት በሜካኒካል ፖምፕ ስለሆነ ያለ ኮምፒውተር ምርመራ ይጠገናሉ። የኢሱዙ፣ የኒሳንና የሚትሱቢሺ የዚያ ዘመን ፒካፖችም እንዲሁ ጠንካሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ኮመን ሬል ናፍጣዎች (ናፍጣው ከአንድ የጋራ ቱቦ ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚታደልባቸው) ጉልበታቸው ይበልጣል፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ። ነገር ግን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚሠሩ ቆሻሻ ወይም ውኃ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቹን ይገድላል፤ አራት ኢንጀክተር መቀየር ደግሞ ርካሽ መኪና የመግዛትን ጥቅም በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድስ ሰው ቀላሉን ሞተር እመክራለሁ።

የሞተሩን ጤንነት እንዴት አውቃለሁ?

ሻጩን "እስክመጣ እንዳታስነሣው" በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ራዲያተሩ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል፤ በሌላ ቀን ማለዳ ተመለሱ።

ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ እውነቱን ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፤ አንዳንዴ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ብቻ ይሆናል። ነጭ ጭስ በናፍጣ ሞተር ላይ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ከጠፋ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃም የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክፍል) ጓርኒሲዮን (በእሱና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ነገር ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሡትና ውኃውን ተመልከቱ። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁም ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ከቻላችሁ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ። ጤነኛ የድሮ ናፍጣ ሞተር 30 ባር አካባቢ ያሳያል። ከቁጥሩ ከፍታ ይበልጥ የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ይታይ፤ ሦስቱ 28 ሆነው አንዱ 19 ከሆነ ያ ሞተር መከፈቱ አይቀርም፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተደራደሩ።

በክሩስኮቱ (በሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ) ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ልመን?

አትመኑ። የፔዳሎቹን ጎማ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ፣ የመሪውንና የማርሽ ዘንጉን መላላት እዩ። ፔዳሉ እስከ ብረቱ ተበልቶ ቆጣሪው 90,000 የሚል ከሆነ የምታምኑት ፔዳሉን ነው።

ምን ያህል ገንዘብ ላስቀር?

ለመኪና ካዘጋጃችሁት ገንዘብ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ከግዢው በኋላ እጃችሁ ላይ ይቅር። ሁሉንም ለግዢ ያወጣ ሰው ፍሬኑን "ለሚቀጥለው ወር" ይለዋል፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

እንደገዛሁ መጀመሪያ ምን ልቀይር?

ፈሳሾቹን በሙሉ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የነዳጅና የአየር ፊልትሮ፣ የራዲያተር ውኃ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ዘይት። የፊተኛው ባለቤት ምን እንዳደረገ አታውቁምና ከዜሮ ጀምሩ። ዘይቱን ስታወርዱ በንጹሕ ሳህን ተቀበሉትና በፀሐይ ተመልከቱት። በጣም የደቀቀ ዱቄት የመሰለ ብረት በካምቢዮ ዘይት ውስጥ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚነሣ ስባሪ ካለ ግን የማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ተሰብሯል።

ስለ ካምቢዮ ዘይት ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ዲፈረንሻል ጂኤል 5 የሚባለውን ዘይት ይፈልጋል (ጂኤል የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው)። ይህንኑ ዘይት "ይበልጣል" ብለው ጂኤል 4 ወደሚጠይቅ የድሮ ካምቢዮ የሚሞሉ አሉ። በጂኤል 5 ውስጥ ያለው ከፍተኛ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም የነሐስ ሲንክሮናይዘሮቹን (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚያደርጉትን ቀለበቶች) ሊጎዳ ይችላል፤ ማርሹም እያንገራገረ መግባት ይጀምራል። አምራቹ የጻፈውን ሙሉ።

ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን ጊዜ የሚያገጣጥም ቀበቶ) ካለውና መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩት። በናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል። የቺንጋው ዋጋ ከዚህ ጥገና ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ፍሬኑ ይይዛል፣ ግን ፔዳሉ ለስለስ ይላል። ችግር ነው?

አዎ፣ ነው። ከዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው የተደነገገው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው መለኪያ 140 ነው። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ጭነት ይዛችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ያ ሙቀት ይደረስበታል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፤ ጠዋት ደህና የነበረው ፔዳል ወለል ይነካል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ቀለሙ እንደ ቡና የጠቆረ ከሆነ ዛሬውኑ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከሁለቱ ጋር በፍጹም አይደባለቅም።

አየር ስታስወጡ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ክፍል) በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው። ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ በማስተንፈሻው ብሎን ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ፔዳሉን ረግጦ "ያዝኩ" ይበል፤ እናንተ ሩብ ዙር ፍቱ፤ አረፋው በቱቦው ሲወጣ ይታያችኋል፤ ከዘጋችሁ በኋላ ብቻ "ልቀቅ" በሉት። ፔዳሉን ቀድሞ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የማስተር ሲሊንደሩ ዘይት እንዳይጎድል በየአምስት ጊዜው እየሞላችሁ አረፋው እስኪጠፋ ቀጥሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፔዳሉን ረግጣችሁ ስትይዙ ቀስ እያለ ከወረደና የሚፈስ ነገር ከሌለ የማስተር ሲሊንደሩ ጎማ አልቋል። የኋላውን ታምቡር ሳትከፍቱ "ጨርሻለሁ" አትበሉ። የአሮጌ ፒካፕ የጎማ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ውስጥ ለውስጥ ያፈስሳል፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል። የሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ።

ሞተሩ ይሞቃል። ቴርሞስታቱን አውጣው ይሉኛል፤ ላውጣው?

አታውጡት። ይህ ምክር በጣም የተስፋፋ ነው፣ ብዙ ሞተርም ጎድቷል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዝ መዝጊያ ነው፤ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲከፈት ሌላ ሥራም ይሠራል፦ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አጭር መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ ከሙቁ ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል፣ ዳገት ላይም ሙቀቱ ይብሳል። አጭር መንገድ በሌለው ሞተር ላይ ደግሞ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል።

መንስኤውን በቅደም ተከተል ፈልጉ። የራዲያተሩ ክዳን መጀመሪያ ይታይ፤ ርካሽ ነው፣ ማንም አያስታውሰውም። ክዳኑ ውኃውን ወደ 0.9 ባር ግፊት ስለሚይዘው የሚፈላበት ሙቀት ከ100 ዲግሪ በደንብ ከፍ ይላል፤ ስፕሪንጉ ከደከመ ያ ሁሉ ይቀራል። ቀጥሎ የራዲያተሩ የውጭ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት መደፈናቸውን እዩ፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውኃ አጥቡት። ከዚያ ፋኑ። የቪስኮስ ፋን (በውስጡ ባለ ወፍራም ፈሳሽ አማካይነት የሚዞር) ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ በእጅ ስትገፉት ሊከብድ ይገባል፤ እንደ ልጅ መጫወቻ ከዞረ አልቋል። ውኃ ፖምፑና የውስጥ ድፍነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ተራ ውኃ ብቻ መሙላትም ይቅር። ኩላንት እኩል በእኩል የተቀላቀለበት ውኃ ዝገትን ይከላከላል፣ ዘግይቶም ይፈላል።

አንድ ጊዜ ክፉኛ የሞቀ የአሉሚኒየም ቴስታታ ሳይለካ ተመልሶ አይታሰር። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት አጋድማችሁ ከሥሩ በቀጭን መለኪያ ፈትሹ፤ ከተጣመመ አዲሱ ጓርኒሲዮን ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይነድዳል። መካኒኩ "ደህና ነው፣ በዓይኔ አየሁት" ካላችሁ ፊታችሁ እንዲለካው ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያንኑ ቴስታታ ሁለት ጊዜ አስወርጄዋለሁ።

የዛገውን ቦታ ስቱኮ ሞልቼ ብቀባው ምን ይሆናል?

ለጥቂት ወራት ያምራል፣ ከዚያ ያብጣል። ዝገት ከሥሩ ካልተነቀለ በቀለም ሥር ሥራውን ይቀጥላል። በሽቦ ብሩሽ ወይም በሞረድ ዲስክ እስከ ነጩ ብረት ውረዱ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ የዝገት መቀየሪያ ቀቡት፤ ደርቆ ሲያልቅ ኢፖክሲ ወይም ዚንክ ያለው ፀረ ዝገት፣ በላዩ ቀለሙ። የተበሳ ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካ።

የሻንሲ ብየዳ የተለየ ጉዳይ ነው። በሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ ላይ አትብሱ፣ አትበይዱ፤ ጭነቱን ከሁሉ በላይ የሚሸከመው ያ ክፍል ነው። ማጠናከሪያ ብረት የሚበየድ ከሆነ ጫፎቹ በሰያፍ ይቆረጡ። ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ብረቱ በዚያው መስመር እንዲሰነጠቅ ያዘጋጀዋል። ይህን ልምድ ላለው በያጅ ስጡ። ከብየዳ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይፈታ፣ ሰልባትዮው ቅርብ ከሆነ ይውረድ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል፤ ዚንኩን መጀመሪያ ሞርዳችሁ አንሡ።

መኪናውን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። ምን ያህል?

ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ሌላ ዕቃ መቀየርን ይጠይቃል፦ የፊት አክሰል መገጣጠሚያዎች በሰያፍ ሠርተው ቶሎ ያልቃሉ፣ የትራስሚሲዮኑ (ኃይልን ወደ አክሰሉ የሚወስደው ዘንግ) ክሮቼራዎች (መታጠፊያ መገጣጠሚያዎች) ማዕዘናቸው ይበላሻል፣ የፍሬን ቱቦዎቹ ያጥራሉ፣ መኪናውም ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክሰል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማስተካከያ ቫልቭ አለ። ካሶኒው ተጭኖ ወደ አክሰሉ ሲወርድ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ግፊቱን ይቀንሳል፣ ቀላሉ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ። እናንተ መኪናውን ከፍ ስታደርጉት ቫልቩ ካሶኒው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ስትረግጡ የኋላው ፍሬን በግማሽ ልብ ይሠራል፣ ሸክሙ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። የዘንጉ መያዣ በተነሣው ልክ መስተካከል አለበት። ፒካፕ ከፍ ያደረገላችሁ ሰው ስለዚህ ቫልቭ ካላነሣ እናንተ አንሡበት።

ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ ዘንግ) ያለው መኪና ብሎኑን በማጥበቅ ብቻ ከፍ ይላል፤ ርካሽ መንገድ ነው፣ ግን ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ስለሚበላው ጉድጓድ ላይ ያነጥራል። ትንሽ ብቻ አጥብቁ። በማንኛውም መንገድ ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ አላይመንት አስለኩ፤ ካስተሩ (ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያጋደለበት ማዕዘን) ሲቀንስ መኪናው በፍጥነት ጉዞ ላይ መስመር መያዝ ያቅተዋል፣ መሪውን ሁልጊዜ ማባበል ትጀምራላችሁ።

ትልቅ ጎማ ብገጥምስ?

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። 225/75 አር 16 የሚል ጎማ፣ ወርዱ 225 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የዚያ 75 በመቶ ማለትም 169 ገደማ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለትም 406 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ 169 እና 406 ሲደመሩ 744 ይሆናሉ። 265/75 አር 16 በዚሁ ስሌት 804 ይመጣል። ልዩነቱ 8 በመቶ ነው። ቆጣሪያችሁ 100 ሲል በእውነት የምትሄዱት 108 ነው፤ ማርሾቻችሁም ሁሉ በ8 በመቶ ይከብዳሉ። ደካማ የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ይህን ወዲያው ያሳውቃችኋል፣ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል። ከ60ው ሚሊ ሜትር መሬት የምታገኙት ግማሹን፣ 30ውን ብቻ ነው።

ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ከሆነ በጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ አትግዙ። ጎማ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ የጎማውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ።

ባሌስትራ ብጨምር ብዙ መጫን እችላለሁ?

አትችሉም። ባሌስትራ መጨመር ካሶኒው እንዳይወርድ ያደርጋል እንጂ አክሰሉን፣ ኩሽኔታውን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን አያጠነክራቸውም። የመኪናችሁ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት 2,800 ኪሎ ግራም፣ ባዶ ክብደቱ 1,700 ነው እንበል። ልዩነቱ 1,100 ነው። ከዚህ ላይ ሾፌርና ሁለት ሰው 210፣ የብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ) 60፣ የካሶኒ ሽፋን 90፣ መሣሪያ 40 ስትቀንሱ 700 ይቀራችኋል። ያስገጠማችሁት ጌጥ ሁሉ የሚቀነሰው ከጭነታችሁ ነው።

ከባዱን ዕቃ ከኋላ አክሰል ፊት፣ ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ከአክሰሉ ኋላ የተከመረ ሸክም ፊቱን ያነሣዋል፣ መሪው ይቀላል፣ መብራታችሁም የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። ባሌስትራውን አክሰሉ ላይ ያሰሩት ዩ ቦልቶች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፣ ጥቂት ከተነዳም በኋላ እንደገና ይጥበቁ። ካሶኒ ላይ ሰው አሳፍራችሁ አትሂዱ፤ በግጭት ጊዜ የሚይዘው ምንም ነገር የለም።

ተጨማሪ መብራት ስገጥም ሽቦው ይሞቃል፤ ለምን?

ሽቦው ቀጥኗል፣ ሪሌም (በትንሽ ጅረት ትልቅ ጅረት የሚያበራ ማብሪያ) የለውም። ሁለት ባለ 55 ዋት መብራት 110 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ያልፋል። ይህን ያህል ጅረት በክሩስኮቱ ማብሪያ በኩል አይለፍ። ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያነቃቃው፤ ዋናው ጅረት ከባትሪው በባለ 15 አምፔር ፊውዝ በኩል፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ ይሂድ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሩቅ ከሆነ በመሐል ያለው ሽቦ ሲላጥ የሚያቆመው ነገር የለም፣ መኪናውም ይነድዳል።

የድሮ ፒካፕ የኤሌክትሪክ ችግር ግማሹ የመሬት ሽቦ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ሞተርና ወደ ጋቢና የሚሄዱትን ፈትታችሁ እስኪያበራ አሹና መልሳችሁ እሰሩ። "ዲናሞው ሞቷል" የተባሉ ስንት መኪኖች በዚህ ብቻ ድነዋል።

ቱርቦ ልጨምር? ወይስ ሌላ ሞተር ልግጠም?

አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አልመክርም። ያለ ቱርቦ የተሠራ የድሮ ናፍጣ አየሩን የሚያምቅበት ልክ (የኮምፕሬሽን ሬሾው) 22 ለ 1 አካባቢ ነው፤ በላዩ ላይ አየር ሲጨመር ፒስተኑና ቴስታታው ያልተዘጋጁለት ሙቀት ይመጣል። የናፍጣ ፖምፑን ብሎን ፈትቶ ነዳጅ ማብዛትም ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው የሚያመጣው። ደካማ ሞተር መጀመሪያ ጤናው ይመለስ፦ ቫልቭ ይስተካከል፣ ኢንጀክተሮቹ ይፈተሹ፣ ታይሚንጉ ይታይ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ጉልበት እዚያ ይገኛል።

ሞተር መቀየር ግድ ከሆነ ከዚያው ቤተሰብ ውሰዱ። ቱ ኤል አውጥቶ ስሪ ኤል መግጠም በማረፊያውም በካምቢዮውም ብዙ አያስቸግርም። ከሌላ አምራች የመጣ ሞተር ግን ማረፊያ፣ አስማሚ፣ ራዲያተር፣ ሽቦ ይጠይቃል፣ የሞተር ቁጥሩም በሰነዱ ላይ መቀየር አለበት። በምትኖሩበት ቦታ ደንቡ ይህን መፍቀዱን ሳታጣሩ አትጀምሩ።

ፎር ዊሉን (አራቱም ጎማ በሞተሩ እንዲዞር ማድረጉን) አስፋልት ላይ መጠቀም እችላለሁ?

በደረቅ አስፋልት አይሆንም። የመሐል ዲፈረንሻል በሌለው ፒካፕ የፊትና የኋላ አክሰል በአንድ ፍጥነት እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ በኩርባ ላይ ግን የሚጓዙት ርቀት አንድ አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣበት ሲያጣ ማርሾቹን ያስጨንቃል። ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለጠጠር ተዉት።

ራሴ ከሥሩ ገብቼ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አንድም ጊዜ አትግቡ፤ "ለአንድ ደቂቃ" ብላችሁም ቢሆን። የክሪክ ዘይት ሳይታሰብ ያመልጣል። መኪናውን ጠጣር መሬት ላይ አቁሙት፣ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ፣ ሻንሲውን በሁለት የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ፣ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በእጃችሁ በኃይል ነቅንቁት። ሸክላና ብሎኬት መቆሚያ አይደሉም፤ ሳያስጠነቅቁ ይፈረካከሳሉ።

ቀለም መቼ ላስቀባው?

ስድስት ወር ያህል ከነዳችሁት በኋላ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የትኛው ጎማ እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር እንደሚያንኳኳ፣ ዝናቡ በየት በኩል ወደ ጋቢናው እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ቀለሙ ቀድሞ ከተቀባ እነዚህን ስትጠግኑ ትፍቁታላችሁ። ለቀቢው ከመስጠታችሁ በፊት የበሮቹን የውስጥ መሸፈኛ አውጡና ከሥር ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። መኪናው ተቀብቶ ሲመለስም ያንኑ እንደገና አድርጉ፤ ቀቢዎች ብዙ ጊዜ በስቱኮ ይደፍኗቸዋልና፣ ውስጥ የቀረው ውኃ አዲሱን በር ከሥሩ መብላት ይጀምራል።